ዝጋ የተባለውን ያስፋፋ ሹም፤ የኤንሪኮ ማቴይ የሕይወት ታሪክ

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በጥር ወር የኢጣሊያ መንግሥት የአፍሪካን መሪዎች ወደ ሮማ ጠርቶ ከአፍሪካ ጋራ ሊሠራው ያሰበውን የልማት ዕቅድ በገለጠ ጊዜ፥ ለዕቅዱ የተሰጠው ስም ከሞተ ስድሳ ዓመት ያለፈው የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ይኸውም ኤንሪኮ ማቴይ ነው። አገራችን ኢትዮጵያም ዕቅዱ በመጀመሪያ ከሚሞከርባቸው አገሮች መካከል ተቈጥራለች። ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ሰውየውን ባያውቁት እንኳ ኩባንያውን ያውቁታል። በቢጫ ሰሌዳ ላይ ስድስት እግር ያለውና ከአፉ እሳት የሚተፋ ጥቁር ውሻ የተሣለበት የአጂፕ ቤንዚን ማደያ በአዲስ አበባም በአስመራም በመንገድ ዳር ይታይ ነበር። የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪና አዲስ ወደ መንግሥት ሥራ ለገባ ወጣት የሚያስተምረው ስላለ፥ ባጭሩ ልንተርከው ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ማቴይ በ1906 ዓ.ም. በመካከለኛው ኢጣሊያ በማርኬ ክፍል አኳላኛ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በካራቢኜሪ ጭፍራ የበታች ሹም ሲሆን፥ አምስት ልጆቹን በትንሽ ደመወዝ ያሳድግ ነበር። ልጁ በትምህርት ብዙ ሳይገፋ ወደ ሥራ ገባ። ማቴሊካ በተባለች ከተማ መጀመሪያ የብረት አልጋ ቀለም ቀቢ ሆነ፤ ቀጥሎ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም በትጋቱና በአንደበቱ እየተወደደ ሄዶ፥ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ ፋብሪካውን ለማስተዳደር በቃ። ፋብሪካው ሲዘጋ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሚላኖ ወጥቶ የቀለምና የኬሚካል ዕቃ ሻጭ ሆነ፤ ጥቂት ቈይቶም የራሱን አነስተኛ የኬሚካል ፋብሪካ አቋቋመ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ማቴይ በወጣትነቱ የፋሺስት ፓርቲ አባል ነበር። አጂፕም ራሱ በ1926 ዓ.ም. የሙሶሊኒ መንግሥት፥ ያ አገራችንን የወረረው መንግሥት፥ ያቋቋመው የነዳጅ ኩባንያ ነው። ይሁን እንጂ ማቴይ በ1943 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋራ ተሰልፎ ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን ተዋጋ፤ የካቶሊክ አርበኞች ተጠሪ ሆኖም በሰሜን ኢጣሊያ የአርበኞች ጠቅላይ አዛዥነት ውስጥ ሠራ።

በ1945 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል አጂፕን እንዲረከብ ተሾመ። የተሰጠውም ትእዛዝ ግልጥ ነበር፤ ኩባንያው ኪሳራ እንጂ ጥቅም የለውም ተብሎ ስለ ታሰበ፥ ንብረቱን ሸጦ እንዲዘጋው ነው። ሌላ ሹም ቢሆን ዕቃውን ቈጥሮ፥ መዝገቡን ፈርሞ፥ ቁልፉን ባስረከበ ነበር። ማቴይ ግን አስቀድሞ መሐንዲሶቹን ጠርቶ ጠየቀ። እነርሱም በ1944 ዓ.ም. በፖ ወንዝ ሜዳ ካቪያጋ በተባለ ስፍራ የተፈጥሮ ጋዝ አግኝተው፥ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ሳይገፋ መቅረቱን አስረዱት። ስለዚህ መዝጋቱን ትቶ ቁፋሮውን አስቀጠለ። በ1949 ዓ.ም. በኮርቴማጆሬ ጋዝና ጥቂት ዘይት ተገኘ። ጋዜጦች ኢጣሊያ በዘይት ባሕር ላይ የቆመች አስመስለው ሲጽፉ ማቴይ አላስተባበለም። ዘይቱ እንደ ተወራው አልሆነም፤ ጋዙ ግን የሰሜኑን ፋብሪካዎች ለማንቀሳቀስ በቃ።

በ1953 ዓ.ም. ፓርላማው ባወጣው ሕግ ኤኒ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ፤ ማቴይም የበላይ ሆነ። ፍለጋው፥ ማጣሪያው፥ ቧንቧውና ንግዱ ሁሉ ባንድ እጅ ገባ። በመንገድ ዳር የተሠሩት ማደያዎችም ቤንዚን ከመቅዳት ሌላ የመኪናውን መስተዋት የሚወለውል ሠራተኛና ቡና የሚጠጣበት ቤት ነበራቸው።

ነገር ግን ለማጣሪያው የሚሆን ድፍድፍ ዘይት ከውጭ መምጣት ነበረበት፤ የዓለምን ዘይት የያዙት ደግሞ ሰባት ታላላቅ የእንግሊዝ፥ የአሜሪካና የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። ማቴይ የአገሩን ዕድል በአንዲት ድመት ይመስለው ነበር። ከአደን ሲመለስ ለውሾቹ ምግብ ሲቀርብ አንዲት የከሳች ግልገል ድመት ወደ ሳሕኑ ብትጠጋ፥ ትልቁ ውሻ ወገቧን እንደ ሰበራት ይተርካል። በ1954 ዓ.ም. ታላላቆቹ የኢራንን ዘይት ሲካፈሉ ኢጣሊያን አላስገቧትም። እርሱም በ1957 ዓ.ም. በራሱ በኩል ከኢራን ጋራ ተዋዋለ። በዚያ ዘመን የተለመደው ውል ትርፉን ለኩባንያውና ለባለ አገሩ እኩል የሚያካፍል ሲሆን፥ ማቴይ ግን ኢራንን በሥራው ግማሽ ባለ ድርሻ አደረጋት። ከትርፉ ግማሹ በግብር ለመንግሥት ይገባል፤ የቀረው ግማሽ እንደገና ለሁለት ይካፈላል፤ ስለዚህ ለኢራን 75 ከመቶ ይደርሳታል ማለት ነው። የዚህም ውል ዋጋ ከተገኘው ዘይት ይልቅ ለሌሎች ባለ ዘይት አገሮች ምሳሌ በመሆኑ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት በርካሽ ዘይት ገዝቶ ዋጋውን በብረት ቧንቧና በሰው ሠራሽ ጎማ ለመክፈል በመዋዋሉ፥ የምዕራብ መንግሥታትን አስቈጣ። በጋና የቴማ ማጣሪያ የተሠራውም በእርሱ ድርጅት ነው፤ ተመርቆ የተከፈተው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነበር።

ጥፋቱንም መሸፈን አይገባም። ቧንቧ ሲያስዘረጋ የከተማ ሹሞችን ፈቃድ ሳይጠብቅ በሌሊት መንገድ ያስቈፍር ነበር። ለፖለቲካ ፓርቲዎች፥ ለቀኞቹም ሳይቀር፥ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ታክሲ ተሳፍሮ ሒሳቡን ከፍሎ እንደሚወርድ ሰው እንደሚገለገልባቸውም አልደበቀም። ሐሳቡን የሚደግፍለት ጋዜጣም በ1956 ዓ.ም. እንዲቋቋም አደረገ። በሞተ ጊዜ ድርጅቱ ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ተገኘ።

ጥቅምት 27 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሲሲሊያ ወደ ሚላኖ ሲመለስ አነስተኛዋ አይሮፕላኑ ባስካፔ በተባለች መንደር አጠገብ ወድቃ፥ ማቴይ፥ አብራሪውና አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሞቱ። የመጀመሪያው ምርመራ አደጋ ነው ብሎ ዘጋው። በ1990ዎቹ ዓመታት እንደገና የተከፈተው ምርመራ ግን በአይሮፕላኑ ውስጥ ፈንጂ እንደ ነበረ ደመደመ፤ ገዳዩ ግን ሳይታወቅ ቀርቷል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሶቪየት ርዳታ ተሠርቶ በ1967 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ፥ አገራችን ነዳጅዋን ተጣርቶ የመጣ አድርጋ በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ቈይታለች። ከጂንካ ወደ ገዘር ቡናና እህል የሚያመላልሰው መኪና የሚጠጣው ናፍጣ በቦቴ ከጂቡቲ የተነሣ ነው። በደቡብ ኦሞ በ2013 ዓ.ም. ለዘይት ፍለጋ የተቈፈረው ጉድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነገር አልተገኘበትም። ዘይት መገኘት አለመገኘቱ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ የፈላጊ ኩባንያ ውል ሲቀርብ አንብቦ የአገሩን ድርሻ አስልቶ የሚከራከር ሹም ማግኘት ግን የትምህርትና የትጋት ጉዳይ ነው። ወጣት ሹም ከማቴይ ሊማር የሚገባው፥ ዝጋ የተባለውን መሥሪያ ቤት ከመዝጋቱ በፊት በውስጡ ያለውን ሙያተኛ ጠርቶ መጠየቅን ነው። ሊሸሸው የሚገባው ደግሞ፥ ለአገር ጥቅም ነው እያሉ ሕግን መዝለልንና ሒሳብን ለሕዝብ ሳያሳዩ ማለፍን ነው።