መለኪያውን አስቀድሞ የመረመረ መሐንዲስ፤ የሉዊስ ተርስተን ሕይወትና ሥራ

አንድ መሐንዲስ የድልድይ ምሰሶ ለማቆም ሲነሣ ሜትሩን፣ ኪሎግራሙንና ሰከንዱን እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልገውም። እነዚህ አሃዶች ከእሱ በፊት በነበሩ ሰዎች ድካም ተወስነውና በስምምነት ጸድቀው ቆይተውታል። ስለሆነም መለኪያው ራሱ ችግር ሊሆን እንደሚችል ዘወትር አይታሰበውም። የሰውን ችሎታ፣ አመለካከትና ፍርድ ለመለካት የተነሡ ሊቃውንት ግን የገጠማቸው ሁኔታ ከዚህ እጅግ የተለየ ነበር። ፈተና አውጥተው ነጥብ መስጠት ችለዋል። ነገር ግን ከ40 እስከ 50 ያለው ርቀት ከ80 እስከ 90 ካለው ርቀት ጋር እኩል ለመሆኑ ማስረጃ አልነበራቸውም። ከዚህም በላይ የተገኘው ነጥብ የአንድ ነገር መጠን ይሁን ወይስ የብዙ ነገሮች ድምር፣ ይህንን ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ በእጃቸው አልነበረም። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አጥብቀው ከያዙት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው በትምህርቱ መሐንዲስ የነበረው ሉዊስ ሊዮን ተርስተን ነው።

ተርስተን ሜይ 29 ቀን 1887 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከስዊድናውያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በስዊድን ጦር ሠራዊት ውስጥ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ ቆይቶም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የጋዜጣ አዘጋጅ የሆነ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር ስለነበር ልጁ የትምህርት ዘመኑን ከፊል በስቶክሆልም፣ ከፊሉን ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ጄምስታውን አሳለፈ። ገና ተማሪ ሳለ የናያጋራን ፏፏቴ ውበት ሳያጠፉ ከውሃው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት የሚቻልበትን ሐሳብ ጽፎ ለሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላከ፤ ጽሑፉም በ1905 ታተመ። የሐሳቡ መሠረት ውሃው በተወሰኑ ሰዓቶች ለኃይል ማመንጫ፣ በቀሩት ደግሞ ለተመልካች እንዲውል ማድረግ ነበር። ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶችን በልክ አስታርቆ የማስኬድ ዝንባሌው ከወዲሁ ይታይ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚያም በኮርኔል ዩኒቨርስቲ የምሕንድስና ትምህርቱን ተከታትሎ በ1912 የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። በተማሪነቱ ዘመን ምስሉ ሳይርገበገብ የሚያሳይ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ይህንኑ ለታዋቂው ፈልሳፊ ለቶማስ ኤዲሰን ባሳየው ጊዜ ኤዲሰን መሣሪያውን በፋብሪካ ለማምረት ባይቀበለውም ወጣቱን ረዳት አድርጎ ቀጠረው። ተርስተን የ1912ን በጋ በኤዲሰን ላቦራቶሪ አሳልፎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሚኔሶታ ዩኒቨርስቲ ሄደ። በዚያም ንድፍና ዴስክሪፕቲቭ ጂኦሜትሪ፣ ማለትም ሦስት ገጽታ ያለውን አካል በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የመንደፍ ጥበብ ለምሕንድስና ተማሪዎች አስተማረ። ይህ ሙያ ከሃያ ዓመት በኋላ ባልታሰበ መስክ ጠቅሞታል።

ከምሕንድስና ወደ ሥነ ልቡና ያሻገረው አንድ ጥያቄ ነው። መሣሪያን የሚነድፍ ሰው ስለ ብረቱ ጥንካሬ ብዙ ሲያውቅ መሣሪያውን ስለሚይዘው ሰው ግን የሚያውቀው ጥቂት መሆኑን አስተዋለ። ሰው አንድን ሥራ ሲለማመድ ችሎታው የሚያድግበት መንገድ እንደማንኛውም የተፈጥሮ ሒደት በሒሳብ ቀመር ሊገለጽ አይችልምን? በ1914 በቺካጎ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡና ተማሪ ሆኖ ገባ፤ በ1917ም የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። የመመረቂያ ጥናቱ የመማርን ሒደት በቀመር መግለጽ ሲሆን፣ የታይፕ ጽሕፈት ተማሪዎች ፍጥነት ከልምምድ ብዛት ጋር እንዴት እንደሚያድግ በሃይፐርቦላ መስመር አሳየ። ከ1915 ጀምሮ እስከ 1923 በፒትስበርግ በካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠራ።

ይህ ጊዜ የአእምሮ ፈተና በአሜሪካ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋበት ወቅት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች ተፈትነው በነጥብ ተመደቡ። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን፣ ድርጅቶች ሠራተኞችን በአንድ ቁጥር መመዘን ጀመሩ። በፈተናው ውጤት ተመርኩዘው የሕዝቦችን የማሰብ ችሎታ ከፍና ዝቅ አድርገው የደረደሩም አልጠፉም። አንድ ቁጥር የአንድን ልጅ ዕድል ሲወስን፣ ቁጥሩ በምን አሃድ እንደተለካ መጠየቅ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ተርስተን በ1923 ወደ ዋሽንግተን ሄዶ የመንግሥት ሠራተኞች የሚቀጠሩባቸውን ፈተናዎች ለማሻሻል ሲሠራ ቆየ። በ1924 ራሷም የሥነ ልቡና ባለሙያ የሆነችውን ቴልማ ግዊንን አግብቶ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርስቲ በመምህርነት ተመለሰ። ቴልማ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ከማሳደጓም በላይ የፈተናዎቹ አዘጋጅና የብዙዎቹ ጥናቶች ባልደረባ ስለነበረች፣ የባሏን ሥራ ከእሷ ሥራ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው።

በ1926 ተርስተን በጊዜው ሁሉም የተቀበለውን የአእምሮ ዕድሜ የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ መረመረ። ይህ አነጋገር ሁለት ትርጉም እንዳለው አሳየ። አንደኛው፣ አንድን ነጥብ በአማካይ የሚያገኙት ሕፃናት ዕድሜ ነው። ሁለተኛው፣ ያንኑ ነጥብ ያገኙት ሕፃናት ሁሉ አማካይ ዕድሜ ነው። ለጊዜው ሲሰሙት አንድ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በስታቲስቲክስ ሕግ ነጥብን ከዕድሜ የሚተነብየው መስመርና ዕድሜን ከነጥብ የሚተነብየው መስመር አይገጥሙም፤ ስለዚህ ሁለቱ ትርጉሞች ለአንድ ልጅ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ። በአገሩ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት መለኪያ በአሃዱ ላይ እንኳ ያልተስማማ ሆኖ ተገኘ።

ማፍረስ ብቻውን ግን የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። በ1927 ተርስተን የንጽጽር ፍርድ ሕግ ተብሎ የሚታወቀውን ዘዴ አቀረበ። መነሻው ቀላል ነው። ሰው የአንድን ወንጀል ክብደት በቁጥር እንዲናገር ቢጠየቅ ይቸገራል፤ ከሁለት ወንጀሎች የትኛው እንደሚከብድ ቢጠየቅ ግን ይመልሳል። ብዙ ሰዎች ተጠይቀው ግማሾቹ አንዱን፣ ግማሾቹ ሌላውን ከመረጡ ሁለቱ ወንጀሎች በክብደት እኩል ናቸው። ከመቶ ዘጠናው አንዱን ከመረጡ ግን በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አለ። የአንድ ሰው ፍርድ ከጊዜ ወደ ጊዜ፣ የተለያዩ ሰዎች ፍርድም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚዋዥቅና መዋዠቁም የኖርማል ኩርባን እንደሚከተል በመገመት፣ የመራጮችን መቶኛ ወደ ርቀት መለወጥ ይቻላል። ሌላው ሰው እንደ ስሕተት ቈጥሮ ሊያስወግደው የሚፈልገውን መዋዠቅ ተርስተን የመለኪያው አሃድ አደረገው። ለሙከራ 19 የወንጀል ዓይነቶችን እያጣመረ 266 የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ጠየቀ። ጥንዶቹ 171 ናቸው። ከመልሶቻቸውም ሥራ ፈትቶ መንከራተት ከታች፣ ሴትን አስገድዶ መድፈር ከላይ የሚገኙበት፣ በመካከልም የሌሎቹ ርቀት የተወሰነበት መስመር ወጣ። የአንድ ኅብረተሰብ የሞራል ፍርድ በሚዛን ላይ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

በ1929 ከኧርነስት ቼቭ ጋር ሆኖ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አካሄድ ወደ አመለካከት መለኪያነት አሸጋገረው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰቡ አስተያየቶች 130ዎቹን መርጠው፣ 300 ሰዎች ከድጋፍ እስከ ተቃውሞ በ11 ክምር እንዲለዩአቸው አደረጉ። ሁሉም በአንድነት የተረዷቸውን አስተያየቶች አስቀርተው፣ አሻሚ የሆኑትን ጥለው 45 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ ሠሩ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ መለኪያው በሰዎች ላይ ከመዋሉ በፊት ራሱ መለካቱ ነው።

መለኪያው ምን ሊያሳይ እንደሚችል በ1933 ከሩት ፒተርሰን ጋር ባሳተሙት ጥናት ታየ። በኢሊኖይ ግዛት በክሪስታል ሌክ ከተማ ተማሪዎች የሕዝብ ልደት የተባለውን ጥቁሮችን የሚያንቋሽሽ ዝነኛ ፊልም ከማየታቸው በፊትና ካዩ በኋላ ለጥቁሮች ያላቸው አመለካከት ተለካ። ውጤቱ ወደ ጥላቻ ያዘነበለ ግልጽ ለውጥ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ እንደገና ሲለካም ለውጡ ገና አልጠፋም። የፊልም ማሳያ የሠራው ወጣት መሐንዲስ፣ መሣሪያው በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር ያረጋገጠ ሰው ሆነ።

ይሁን እንጂ ስሙን ይበልጥ ያስጠራው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ፈተና የሚለካው አንድ ነገር ነው ወይስ ብዙ? የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ስፒርማን በ1904 ሁሉም የአእምሮ ፈተናዎች እርስ በርስ የሚዛመዱት በሥራቸው አንድ አጠቃላይ ችሎታ ስላለ ነው ብሎ ነበር። ማረጋገጫውም በተዛምዶ መጠኖች ሠንጠረዥ ውስጥ አራት አራት ቁጥሮች እየተወሰዱ በሚሠራ ስሌት ይገኝ ነበር። ተርስተን ጥያቄውን ገለበጠው። አንድ የጋራ ምክንያት ይበቃ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሠንጠረዡን ለማብራራት ቢያንስ ስንት ምክንያቶች ያስፈልጋሉ ብሎ ጠየቀ። የስፒርማን ስሌት የሁለተኛ ደረጃ ዲተርሚናንት እንደሆነና ጥያቄው በሙሉ የማትሪክስ ራንክን እንደሚመለከት ተረዳ። ሆኖም በትምህርቱ ማትሪክስ አልተማረም ነበር። የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለፈው ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ፣ የሚያስጠናው የሒሳብ ሰው ቀጥሮ ትምህርቱን ጀመረ። የዚህ ጥረት ፍሬ የአእምሮ ቬክተሮች የተሰኘው የ1935 መጽሐፉ ነው።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፈተና በብዙ ገጽታ ኅዋ ውስጥ እንዳለ ቬክተር ይታያል፤ የሁለት ቬክተሮች ማዕዘን ሲጠብ የፈተናዎቹ ተዛምዶ ከፍ ይላል። ዳሩ ግን ቬክተሮቹ የሚለኩባቸው ዘንጎች የዘፈቀደ ናቸው። መሐንዲስ በአንድ ብረት ውስጥ ያለውን ጫና ለመግለጽ ዘንጎቹን አዙሮ ቀላሉን አቀማመጥ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ተርስተንም እያንዳንዱ ፈተና በጥቂት ዘንጎች ብቻ እንዲገለጽ ዘንጎቹን አዞረ። ይህንንም ቀላል አወቃቀር ብሎ ሰየመው። ዘዴው የእውነትን መልክ እንደሚያወጣ ለማስረዳት ሳጥኖችን ተጠቀመ። ከሳጥኖች ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት የተቀመሩ ልዩ ልዩ መጠኖችን አዛምዶ በዘዴው ሲተነትናቸው፣ ስሌቱ ሳይነገረው ሦስቱን መሠረታዊ ልኮች ለይቶ አወጣ። ዴስክሪፕቲቭ ጂኦሜትሪ ያስተማረ ሰው ካልሆነ እንዲህ ያለ ምሳሌ በቀላሉ ባልመጣለትም ነበር።

በ1938 የታተመው ታላቁ ጥናቱ 56 ፈተናዎች ለ240 ተማሪዎች የተሰጡበት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ 15 ሰዓት ያህል ተፈተነ። ፈተናዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ 1,540 ጥንዶች ይሆናሉ፤ ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ የብዙ ሰው ድካም ይጠይቅ ነበርና፣ ስሌቱን የሚያፋጥኑ የንድፍ ሠንጠረዦች ቀደም ብለው በላቦራቶሪው ተዘጋጅተው ነበር። ከትንተናው የቃላት መረዳት፣ የቃላት ቅልጥፍና፣ የቁጥር፣ የቅርጽና ቦታ፣ የማስታወስ፣ የማስተዋል ፍጥነትና የማመዛዘን ችሎታዎች ተለይተው ወጡ። ትርጉሙም ከባድ ነበር። አንድ ልጅ በአንዱ ደካማ፣ በሌላው ብርቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም ደምሮ በአንድ ቁጥር መጥራት ሕንፃን በርዝመቱ፣ በስፋቱና በቁመቱ ድምር እንደመግለጽ ይቈጠራል።

የተርስተን ታላቅነት የሚታየው ግን ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ነው። በ1941 ከቴልማ ጋር ባሳተሙት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥናት፣ ተለይተው የወጡት ችሎታዎች ራሳቸው እርስ በርስ እንደሚዛመዱ ታየ። ይህም ስፒርማን ያለው አጠቃላይ ችሎታ በሁለተኛ ደረጃ ተመልሶ እንዲመጣ በር የሚከፍት ነበር። ተርስተን ውጤቱን አልደበቀም፤ ዘንጎቹ በቀጥታ ማዕዘን እንዲቆሙ አስገድዶ ተዛምዶውን ማጥፋት ሲችል ይህን አላደረገም። ዘንጎቹን እንደ ተፈጥሮአቸው አጋድሞ፣ ከላይ ያለውን የጋራ ምክንያት በይፋ ተቀበለ። ብዙዎቹን ችሎታዎች ስለማወቅ አስፈላጊነት ያለውን እምነት ግን አልተወም። በ1947 ያሳተመው የብዙ ፋክተር ትንተና መጽሐፉ ሁለቱንም ይዟል። ይህ ዓይነቱ ዳኝነት በገዛ ሥራ ላይ ሲሆን የሚከብድ መሆኑን መናገር አያሻም።

በ1933 የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር፣ በ1936 ደግሞ በእሱና በባልደረቦቹ ጥረት የተቋቋመው የሳይኮሜትሪክ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። በቤቱ በሚደረጉ የምሽት ጉባኤዎች ተማሪዎቹ ገና ያላለቁ ጥናቶችን እያቀረቡ ይከራከሩ ነበር። በ1952 ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርስቲ ተዛውሮ በቻፕል ሂል የሳይኮሜትሪክ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በዚያ ሥራ ላይ ሳለም በሴፕቴምበር 1955 በ68 ዓመቱ ዐረፈ፤ ላቦራቶሪውን መምራትም ለቴልማ ቀረ።

ዛሬ 1,540 የተዛምዶ መጠኖችን ማስላት ለኮምፒዩተር የቅጽበት ሥራ ነው። የጥንድ ንጽጽርም ከምግብ ቅምሻ እስከ ገበያ ጥናት ይሠራበታል። ስሌቱ ሲቀል ግን የተርስተን ጥያቄዎች አብረው አልቀለሉም። አሃዱ ምንድን ነው? ድምሩ የምን ድምር ነው? ውጤቱ ከተጠበቀው ሲለይ የሚለወጠው ዘንጉ ነው ወይስ እምነቱ? ሚዛኑን ሳይፈትሽ የመዘነ ነጋዴ ስሕተቱ በሸቀጡ ላይ ያርፋል፤ ሚዛኑን ሳይፈትሽ ሰውን የመዘነ ግን ስሕተቱን የሚሸከመው የተመዘነው ሰው ነው።