ኦስዋልድ ብሩስ ኩፐር

ኦስዋልድ ብሩስ ኩፐር (1879 – 1940 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፊደል ሠዓሊና የማስታወቂያ ነዳፊ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው «ኩፐር ብላክ» በተባለው ወፍራምና ድብልብል የላቲን ፊደል ቅርጽ (ፎንት) ነው። ፊደሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሠሪውን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሕይወቱ

ኩፐር በኦሃዮ ግዛት በማውንት ጊሊያድ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካንዛስ ነው። ትምህርቱን በወጣትነቱ አቋርጦ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ተማረ። ከዚያም ሥዕል ለመማር ወደ ቺካጎ ሄዶ ፍራንክ ሆልም ባቋቋመው ትምህርት ቤት ገባ። ሥዕሉ እንዳሰበው አልሆነለትም። ሆኖም እዚያው የፊደል አጣጣል ያስተምር ከነበረው ከፍሬድሪክ ጋውዲ ዘንድ ሲማር ዝንባሌው ወደ ፊደል መሆኑ ታወቀ።

በ1904 እ.ኤ.አ. ከፍሬድ በርትሽ ጋር «በርትሽ እና ኩፐር» የተባለ ድርጅት መሠረተ። ለፓካርድ አውቶሞቢል ማስታወቂያዎች በእጁ የጣላቸው ፊደላት በጣም ስለተወደዱ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. በነሱ መነሻነት «ፓካርድ» የተባለ የእርሳስ ፊደል ተሠራ።

ኩፐር ብላክ

«ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር» የተባለው የቺካጎ የእርሳስ ፊደል አምራች ድርጅት በ1919 እ.ኤ.አ. የኩፐርን የመጀመሪያ የጽሑፍ ፊደል አወጣ። የሱ ወፍራም ወንድም የሆነው ኩፐር ብላክ በ1922 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

ይህ ፊደል የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ብልሃት አለው። ብዙዎቹ የላቲን ፊደላት ጠፍጣፋ እግር ስላላቸው፣ አንዱ ከመስመር ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ወዲያው ዓይን ይይዘዋል። የኩፐር ብላክ እግሮች ግን ክብ ስለሆኑ እንዲህ ያለው መዛነፍ እምብዛም አይታወቅም። ሹል ማዕዘንም ስለሌለው ቀለም በሻካራ ወረቀት ላይ ቢንሰራፋ ብዙ አይጎዳውም። በ«ኦ» ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ደግሞ ፊደሉ በእጅ የተሣለ መሆኑን ያሳያል።

ማስታወቂያ አሳታሚዎች ወደዱት። የቀድሞውን ሥርዓት የሚያከብሩ አታሚዎች ግን ገጹን እንደሚውጥ በመቁጠር ነቀፉት። ገበያው ስለደራ ተፎካካሪዎችም ተመሳሳዩን ለማውጣት ተጣደፉ፤ በአሜሪካ ሕግ የፊደል ቅርጽ በቅጂ መብት አይጠበቅም ነበርና (ዛሬም አይጠበቅም) የሚከለክላቸው አልነበረም። ላንስተን ሞኖታይፕ ኩባንያ ተቀናቃኝ ፊደል እንዲነድፍለት የጠየቀው የኩፐርን የቀድሞ መምህር ጋውዲን ነው፤ «ጋውዲ ሄቪፌስ» በ1925 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪውን እንዲከተል መምህሩ መታዘዙ ለኩፐር ትልቅ ምስክርነት ነው።

ኩፐር በታኅሣሥ ወር 1940 እ.ኤ.አ. በቺካጎ አረፈ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፎቶ የሚለቀሙና ተፍቀው የሚለጠፉ ፊደላት ሲስፋፉ ኩፐር ብላክ እንደገና ገነነ፤ በሱቅ ምልክትና በካናቴራ ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። «ዘ ቢች ቦይስ» የተባለው ቡድን በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፔት ሳውንድስ» አልበም ሽፋን የተጻፈበት ሲሆን፣ ኢዚጄት የተባለው የብሪታንያ አየር መንገድም ስሙን የሚጽፈው በዚሁ ፊደል ነው።