አቡነ ማስያስና የልሳን ስጦታ

በበዓለ ጰራቅሊጦስ ሐዋርያት በልዩ ልዩ ልሳን ተናገሩ። ለአቡነ ማስያስ (ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ) ግን ልሳን የተሰጣቸው በብዙ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 በኢጣልያ የተወለዱት እኚህ ካፑቺናዊ አባት በ1846 ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በ1852 ኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደርሰው ቋንቋውን ከሕዝቡ አፍ ተማሩ። በኦሮምኛ ትምህርተ ክርስቶስን አዘጋጁ፤ በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። በ1868 ሸዋ ገብተው፣ ንጉሥ ምኒልክ በሰጧቸው ቦታ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በፊንፊኔ ሚሲዮን አቋቋሙ። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ አገሪቱን ለቀቁ፤ በ1884 ካርዲናል ሆነው በ1889 ዐረፉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ተርጓሚ የሌለው ልሳን ማኅበርን እንደማያንጽ ያስተምረናል። እንግዲህ እኛም፣ ይልቁንም ካቴኪስቶች፣ ምእመኑ የሚሰማውን ቋንቋ ለመማር እንድከም፤ ይህም ድካም የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነውና።