ወንበሩን የተወው ዳኛ

ባለፈው የገና ሰሞን ወደ ትውልድ ከተማዬ ጥሊሊ ጎራ ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ በሕግ ተመርቆ በቅርቡ የወረዳ ዳኛ ሆኗል። ቡናው እየተቆላ ሳለ እህቴ ያሳሰባትን ጠየቀችኝ። ልጇ ከወረዳ ተነስቶ እንጅባራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር፣ እግዜር ካለም አንድ ቀን አዲስ አበባ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ላይ ለመቀመጥ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ሕግ የተማርኩ ስለሆንኩ መልሱን ከኔ ጠበቀች። እኔ ግን የዓመት ስሌቱን ትቼ የአንድ ሰው ሕይወት አጫወትኳቸው። ለአንባቢም ይበጃል ብዬ እነሆ። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዊሊያም ሄንሪ ሄስቲ ይባላል። በአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1904 በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ተወለደ። ከአምኸርስት ኮሌጅ በ1925 በአንደኛነት ወጣ፤ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በ1930 ተመረቀ፤ በ1933 እዚያው የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ አንዱ ቱርጉድ ማርሻል ነበር። ይህ ተማሪ በ1967 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኗል።

በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሄስቲን በቨርጂን ደሴቶች የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሙት። ከዚያ በፊት ጥቁር የፌዴራል ዳኛ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ወንበር ማን ይለቃል? እሱ ግን በ1939 ለቀቀና የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ።

በ1940 የጦር ሚኒስትሩ የስቲምሰን አማካሪ ሆኖ በጥቁር ወታደሮች ጉዳይ እንዲሠራ ተጠራ። ሠራዊቱ ጥቁርና ነጭ ለይቶ ያሰፍርና ያሠለጥን ነበር። ሄስቲ መከረ፣ ጻፈ፣ ሰሚ አጣ። በተለይ የአየር ኃይሉ አድልዎ አልቀረ ሲል፣ በጥር 1943 ሥልጣኑን ለቆ ምክንያቱን በአደባባይ ተናገረ። ጦርነቱ በተጋጋለበት ሰዓት ይህን ማድረግ ከሃዲ ሊያሰኝ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥብቅና ሥራው አዘነበለ። በ1944 ከማርሻል ጋር ተሟግተው በቴክሳስ ጥቁሮችን ከፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚያገልለውን አሠራር በጠቅላይ ፍርድ ቤት አስጣሉ። በ1946 የቨርጂን ደሴቶች ገዥ ሆነ። በ1948 ምርጫ ለፕሬዚዳንት ትሩማን ቀስቅሷልና ፖለቲካም አልነካካውም ማለት አይቻልም። ትሩማን በጥቅምት 1949 ፊላደልፊያ በሚያስችለው የሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሾሙት፤ የሴኔቱ ማጽደቂያ ግን ዘጠኝ ወራት ፈጀ። ከ1968 እስከ 1971 የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነበር። በ1962 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሙ ቢነሳም ሌላ ሰው ተመረጠ። በ1976 አረፈ።

ይህን ስተርክ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ወጣት ዳኛ ሳለሁ፣ ከጥሊሊ ርቆ በሚገኝ ቦታ፣ አንዲት አሮጊት የመሬት ክርክር ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ባለሥልጣን ስልክ ደወለልኝ። አላዘዘኝም፤ ጉዳዩን በጥሞና እንዳየው ብቻ አሳሰበኝ። ቀጠሮ ሰጠሁ። ቀጥሎም ሌላ ቀጠሮ። አሮጊቷ በየቀጠሮው የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ይመጡ ነበር። መዝገቡ ሳይዘጋ እኔ ተዛወርኩ። ወንበሬንም አላጣሁም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ፣ ያለ በቂ ምክንያትም እንዳይነሳ ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ያጎደልኩት አንቀጽ አልነበረም። ወንበሩን ላጣው እችላለሁ ብሎ የቆረጠ ልብ ነው የጎደለኝ። ሄስቲ ሁለት ጊዜ ትልቅ ቦታ ትቶ መውጣት ስለቻለ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማንም ሊያስፈራራው የሚችልበት ነገር አልነበረውም።

እህቴ ዓመቱን ስላልነገርኳት ቅር አላት። ልጇ ግን ዝም ብሎ ቆየና የአሮጊቷ መዝገብ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ እስከ ጡረታው ካልረሳ፣ የትም ችሎት ቢመደብ አልሰጋም።