የአራዳ ዘበኛው አለቃ ራስ አበበ አረጋይ

ሕግ አስከባሪ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሽፍታ አሳዳጅ ነው። በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ፍራንክ ሐመር የሚባል የቴክሳስ ሰው ቦኒና ክላይድ የተባሉትን ወንበዴዎች ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ አድፍጦ ገደለና ስሙ ገነነ። የሐመር ነገር ቀላል ነው፤ ሕጉም መንግሥቱም ከኋላው ነበሩ። በእኛ አገር ግን በዚያው ዘመን አንድ የፖሊስ አለቃ መንግሥት ሲጠፋባቸው ምን አደረጉ? ዛሬ የምናነሣው የእሳቸውን ታሪክ ነው።

አበበ አረጋይ በ1895 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጣልያን ሲወረን ባላምባራስ ተብለው የአራዳ ዘበኛ፣ ማለትም የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ አለቃ ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ከተማይቱ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የሚያቆመውም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ጠላት ገባ።

ታዲያ አለቃው እንደ ብዙዎቹ መኳንንት መሣሪያ አስረክበው መግባት ይችሉ ነበር። አልገቡም። ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ከነደጃዝማች አበራ ካሣ ጋር ሆነው በክረምቱ ዝናብ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ዘመቱ። ጦሩ በአንድነት ስላልደረሰ ሳይሳካ ቀረ፤ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሳምንት ተረሸኑ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ተዋጉ። ትናንት ሌባ ያሳድዱ የነበሩት ሰው አሁን ራሳቸው በጠላት አፍ ሽፍታ ተባሉ። እኛ ላስታዎች ይህን ስም እናውቀዋለን፤ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1930 መጀመሪያ የተገደሉት በዚሁ ስም እየተጠሩ ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ተዋጊው ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 1931 የአበበ ተከታዮች ቤተሰቦችና ቁስለኞች በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ላይ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ውስጥ ተጠልለው ሳለ ጣልያኖች በመርዝ ጋዝ ፈጇቸው።

በ1933 አገር ነጻ ሲወጣ አበበ በራስነት ማዕርግ ተከብረው ከተማ ገቡ። የታሪካቸው ከባድ ምዕራፍ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1936 መጀመሪያ የራያና የትግራይ ገበሬዎች በግብርና በሹማምንት በደል ተማረው በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ መሪነት ሲነሡ፣ የጦር ሚኒስትሩ ራስ አበበ አመጹን እንዲያጠፉ ተላኩ። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ደበደቡ። አመጹ ተሰበረ፤ ራስ አበበም ትግራይን ለመግዛት ተሾሙ። አሁን ሽፍታ የሚባለው ሌላው ነበር፤ ስሙን የሚሰጡት ደግሞ እሳቸው።

በ1950 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። ታኅሣሥ 1953 የነመንግሥቱ ንዋይ ግልበጣ ሲነሣ ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ተረሸኑ። የሚገርመው፣ የጊዜው የፖሊስ አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከግልበጣው ወገን ነበሩ። ያ ቤተ መንግሥት ወዲያው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ስድስት ኪሎ የሚማር ሁሉ በደጁ ያልፋል።

እንግዲህ ነገ ክፍል ገብተን ይህን ታሪክ ስናስተምር ምን እንበል? ጀግና ብቻ ናቸው ብለን ብናልፍ የራያው ተማሪ ዝም ብሎ አይሰማንም። ጨቋኝ ብቻ ናቸው ብንል ደግሞ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ ያለቁትን መርሳት ይሆናል። እኛ የሚመስለን ሁለቱንም አስቀምጦ ተማሪውን መጠየቅ ነው፤ ሽፍታ ያለው ማነው? ሰውየውስ ምን አድርጎ ነው? ስም የሚሰጠው ባለጊዜ ነው፤ ሥራው ግን የሠሪው ሆኖ ይቀራል።