ቆዳውን የተሸከመው ሐዋርያ ቅዱስ ቶማስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከባሕር ዳር ጣናን ተሻግሮ ዘጌ የደረሰ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ አልፎ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ አይረሳውም። ዙሪያው ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነው። ፊደል ላልቆጠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን እንዲህ ያለው ሥዕል መጽሐፋቸው ነበር። እስቲ በአገራችን ሥዕለ ቅዱሳን መካከል የገዛ ቆዳውን በበትር አንጠልጥሎ በትከሻው የተሸከመ ሐዋርያ ብታዩ፣ ማን ነው ትላላችሁ?

ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ በርተሎሜዎስ ነው ሊል ይችላል። በእነርሱ ትውፊት ቆዳው የተገፈፈው እርሱ ነውና። በእኛ ስንክሳር ግን በርተሎሜዎስ አሸዋ በተሞላ ከረጢት ተከቶ ባሕር የተጣለው፣ መስከረም 1 ቀን የምናስበው ሐዋርያ ነው። ቆዳውን የተሸከመው ቅዱስ ቶማስ ነው።

ቶማስ ዲዲሞስ ይባላል፤ መንታ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በጥርጣሬው ነው። ነገር ግን ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣ ወደ ይሁዳ ሲመለስ፣ ሌሎቹ አይሁድ ሊወግሩት ይፈልጉ እንደነበር ሲያስታውሱት፣ አብረን ሄደን እንሙት ብሎ ባልንጀሮቹን ያደፋፈረው ማን ሆነና? ይኸው ቶማስ ነው። ጌታ ከሙታን ተነሥቶ ሲገለጥ በቦታው ስላልነበረ ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ሲያየው ግን ጌታዬና አምላኬ መሆኑን መሰከረ። ዳግም ትንሣኤን ስናከብር ይህን እናስባለን።

ዕጣው ሕንድ ሆነች። እንደ ባሪያ ተሸጦ ሉክዮስ ወደሚባል መኮንን ቤት ገባ፤ የመኮንኑን ሚስትና ቤተሰቡንም አስተምሮ አሳመነ። ሉክዮስ ይህን ባወቀ ጊዜ ተቆጥቶ ቆዳውን አስገፈፈው። ቆዳውንም ስልቻ አድርገው፣ አሸዋ ሞልተው አሸከሙት። ሚስቲቱ ይህን አይታ ከድንጋጤ ብዛት ወድቃ ሞተች። ቅዱስ ቶማስ ግን በዚያው በተገፈፈው ቆዳው ዳስሶ አስነሣት፤ ሉክዮስም አመነ። መሣለቂያ እንዲሆን ያሸከሙት ነገር ሙት ማስነሻ ሆነ። ሠዓሊዎቻችን ቆዳውን በትከሻው ላይ የሚያኖሩት ለዚህ ነው። በመጨረሻም በጦር ተወግቶ ሰማዕት ሆነ፤ መታሰቢያውም ግንቦት 26 ነው።

አሁን ወደ ያዝነው ጾም እንመለስ። እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐረፈች። ሐዋርያት ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባዔ ጾመው ሥጋዋን ተቀብለው ቀበሩ፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሥታ ዐረገች። ቶማስ አሁንም አልነበረም! ከሕንድ በደመና ተጭኖ ሲመጣ ስታርግ አገኛት። የልጇም የእርሷም ትንሣኤ አመለጠኝ ብሎ ከኀዘኑ ብዛት ከደመናው ሊወድቅ ወደደ። እርሷ ግን ይህን ያየ እርሱ ብቻ መሆኑን ነግራ አጽናናችው፤ የተገነዘችበትንም ሰበን ሰጠችው።

ሰበኑን ደብቆ ሐዋርያት ዘንድ ደረሰ። በጥር የሞተች እንዴት በነሐሴ ትቀበራለች ብሎ ቢጠይቅ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ የድሮው ጥርጣሬህ ዛሬም አልለቀቀህም ወይ ብሎ ገሠጸው። መቃብሩ ሲከፈት ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሰበኑን አውጥቶ አሳያቸው፤ ለበረከትም ተካፈሉት። ዛሬ ካህናት በእጅ መስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዚያ ሰበን ምሳሌ ነው።

ምእመናን፣ ልብ በሉ! ምስክሩን በእጁ ይዞ የመጣውን ሰው በድሮ ድካሙ ነው የገሠጹት። እኛስ? ንስሐ ገብቶ ለመቁረብ የቀረበውን ጎረቤታችንን፣ ይሄ ያ ሰካራሙ አይደለም እንዴ እያልን ስንቱን መልሰነዋል? በፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ ጾመው ሲቆርቡ፣ እኔማ ዘግይቻለሁ፣ አይገባኝም ብሎ ከደጅ የቆመ ስንቱ ነው? ቶማስ ሁለቴ ዘገየ፤ ግን ሁለቴም መጣ። የዘገየው ሐዋርያ ሌሎቹ ያላዩትን አየ።

ስለዚህ መስቀል ስትሳለሙ ጨርቁን አስተውሉ። የዘገያችሁ ኑ። ቀድማችሁ የገባችሁም በር አትዝጉ።

የእመቤታችን አማላጅነት፣ የሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።