ቶም ኪልበርንና ባለ አንድ ደረጃው ማኅደር

ፈጣኑ የመረጃ ማኅደር ውድና ጠባብ፣ ርካሹና ሰፊው ደግሞ ዘገምተኛ መሆኑ የኮምፒዩተር መሐንዲሶችን ከጥንት ጀምሮ ያስጨነቀ ችግር ነው። ዛሬ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለውን የፍላሽ ማከማቻ ከተሽከርካሪው ዲስክ ጋር አጣምሮ፣ ዘወትር የሚፈለገውን መረጃ በፈጣኑ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን በዘገምተኛው ላይ ማኖር የተለመደ ነው። ይህን ድልድል ከሰው እጅ አውጥተው ለመሣሪያው ለራሱ ከሰጡት ቀዳሚዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቶም ኪልበርን ነበር።

ኪልበርን እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1921 በዮርክሺር፣ ዱስበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። በካምብሪጅ ሂሳብ ካጠና በኋላ በጦርነቱ መካከል፣ በ1942፣ ማልቨርን በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም በፍሬዲ ዊልያምስ ሥር ተመደበ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱም በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተገናኙ። በ1947 መጨረሻ ኪልበርን በአንድ የካቶድ ጨረር ቱቦ ፊት ላይ 2048 ቢት ማቆየት ቻለ። ጁን 21 ቀን 1948 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ የመጀመሪያው ፕሮግራም 52 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። መሣሪያው በዋነኛነት የታነፀው ማኅደሩን ለመፈተን እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በ1949 ከቱቦዎቹ በስተጀርባ መግነጢሳዊ ከበሮ ተጨመረ። ቦታ ተገኘ፤ ጣጣም ተከተለ። የትኛው የሥራ ክፍል መቼ ከከበሮው ወደ ቱቦው እንደሚመጣ መወሰን የፕሮግራም ጸሐፊው ዕዳ ሆነ።

ኪልበርንና ባልደረቦቹ ይህን ዕዳ ያነሡለት፣ ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር ሠርተው ዲሴምበር 7 ቀን 1962 ባስመረቁት አትላስ በተባለው ኮምፒዩተር ነው። ከፌራይት ቀለበቶች የተሠራው ፈጣኑ ማኅደር 32 ገጾችን፣ ከበሮዎቹ 192 ገጾችን ይይዙ ነበር፤ አንዱ ገጽ 512 ቃላት ነው። ቀለበቶቹ በ2 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ሲመልሱ፣ ከበሮው በአማካይ 6 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ያስጠብቃል። ልዩነቱ 3000 እጥፍ ነውና የትኛው ገጽ ይውጣ የሚለው ጥያቄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ጸሐፊው ሁሉንም እንደ አንድ ሰፊ ማኅደር ቆጥሮ ይጽፋል፤ የተፈለገው ገጽ በቀለበቶቹ ውስጥ ከሌለ መሣሪያው ራሱ ከከበሮው ያመጣዋል። መጪው ገጽ ቦታ እንዳያጣ አንድ ገጽ ባዶ ይቆያል። ተሰናባቹን የሚመርጠው፣ እያንዳንዱ ገጽ መቼ እንዳገለገለና ምን ያህል ሥራ ፈትቶ እንደ ቆየ እየመዘገበ ከልምዱ የሚማር ፕሮግራም ነበር።

ይህ መራጭ ግን እንከን አልባ አልነበረም። በ1966 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ላስሎ ቤላዲ ያወጣው ጥናት ስልቱ ለሁሉም ዓይነት ፕሮግራም እንደማይበጅ አሳየ። ትችቱ ተገቢ ቢሆንም የነካው የምርጫውን ስልት እንጂ ሐሳቡን አይደለም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ዛሬም አንድ ዙር ለመጨረስ ከ8 ሺኛ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የሚሽከረከር ነገር የአትላስን ከበሮ እምብዛም አልቀደመውም። የቀለበቶቹን ስፍራ በፍላሽ፣ የከበሮውን በዲስክ የተካ መሐንዲስ፣ የትኛው መረጃ ወደ ፈጣኑ ይውጣ፣ የትኛውስ ይውረድ ብሎ ሲጠይቅ የኪልበርንን ጥያቄ ይጠይቃል።

ኪልበርን በ1964 በማንቸስተር የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን መሠረተ፤ በ1981 ጡረታ ወጣ። በ1998 የዚያች የመጀመሪያ መሣሪያ አምሳያ ለ50ኛ ዓመቷ እንደገና ተሠርታ ስትሠራ በሕይወት ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን 2001 በማንቸስተር ዐረፈ።